የጫኔ ለቅሶ

ጥር 24፣ ዓርብ

ብርድ። ጠዋት ሱቁን ስከፍት ጣቴ ቁልፉ ላይ ሊቀር ነበር። ደብረ ታቦር ነው መቼስ፣ በማን ይፈረዳል።

ሥራ ብዙ ነበር። የሠርግ ጥሪ፣ የእድር ማኅተም፣ ማለቂያ የሌለው ፎቶ ኮፒ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ የሐዘን ፎቶ። ከአንበሳሜም ከሐሙሲትም ለሐዘን ፎቶ እኛ ጋ ይመጣሉ። ጥቁር ጠርዝ፣ በግራ በቀኝ ሻማ፣ ከላይ መስቀል፣ ከታች «ነፍስ ይማር»፣ ከዚያ ሥር በትንሹ የሱቁ ስልክ። ንድፉ የእኔ ነው። ባለ ሱቁ ጋሽ ወርቁ ለደንበኛ ሁሉ «መሲ እኮ ሙታንን ታስውባለች» ይላሉ። ስድብ ይሁን ምስጋና እስካሁን አልገባኝም።

ነገ የመጨረሻው ክፍል ነው። ከአሁኑ ሰዓት እቆጥራለሁ። ለማን ይነገራል? ለእማዬ ብነግራት «በሬዲዮ ነው?» ትላለች። በቴሌግራም ነው እማዬ። አምስት ልጆች ጠረጴዛ ከበው ታሪክ ይጫወታሉ። ስማቸው የሚባለው ይተርካል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይናገራሉ። ድሮ ጨው ጭነው የሚዞሩ የሲራራ ነጋዴዎች ናቸው። ያሰቡት ነገር መሳካቱን የሚወስነው ቆርኪ ነው። ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር የተጻፈባቸውን ቆርኪዎች ጣሳ ውስጥ ከተው ይንጧቸዋል፣ ከዚያ አንዱን ማውጣት ነው። ሃያ ከወጣ ተአምር። አንድ ከወጣ ጉድ። ጣሳው ሲንኳኳ የስልኬን ድምፅ እጨምራለሁ።

የእኔ ሰው ጫኔ ነው፣ በቅሎ ነጂው። ይሻው የሚባል ልጅ ነው የሚጫወተው። እዚሁ ከተማ እንጨት ቤት ይሠራል ይላሉ። አይቼው አላውቅም። ድምፁ ግን... ተይው አሁን፣ መሰረት።

ጥር 25፣ ቅዳሜ

ሞተ። ጫኔ ሞተ።

ጥር 26፣ እሑድ

ዓይኔ አብጦ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ጎረቤቷ «ማን ሞቶባችሁ ነው?» አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኩ።

ትናንት በጨዋታው ወንዙ ሞልቶ ነበር። ሁሉም በአንድ ገመድ ታስረው ይሻገራሉ። ጫኔ መጨረሻ ላይ ነው። በቅሎዋ አዳለጣትና እሱን ይዛ ወረደች፣ እሱ ደግሞ ሌሎቹን ሊጎትታቸው ነው። ስማቸው «ቆርኪ አውጣ» አለው። ጣሳው ተናጠ። ይሻው ቁጥሩን ቶሎ አልተናገረም። «አንድ ነው» አለ በመጨረሻ። ቀጥሎ በጫኔ ድምፅ «ልጆች፣ ጨውን እንዳታረጥቡት አደራ» ብሎ ገመዱን ቆረጠ። አደራ! በዚያች ሰዓት!

ግሩፑ አብዷል። «የጫኔ ቤተሰብ» የሚለውን ግሩፕ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ስሜም እዚያ «የጫኔ እህት» ነው። ሙላቴ ከባሕር ዳር ምሳ አልበላሁም ብሎ ጻፈ። አንዷ ሙሾ አወረደች፦

«ጨው ጭነህ ወጥተህ ጨው ሆነህ ቀረህ ወይ፣
ያን ሁሉ ስታስር ላንተ ገመድ የለም ወይ።»

ጥሩወርቅ ደግሞ ኩዌት ሰው ቤት ነው የምትሠራው። «ዕቃ እያጠብኩ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሰማሁት። ማዳም ለምን ታለቅሻለሽ አለችኝ። ወንድሜ ሞቶ ነው አልኳት። ግማሽ ቀን ዕረፍት ሰጠችኝ» አለች። እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ስማቸው ላይ ግን አልሳቅሁም። ተራኪው እሱ አይደል? ሌላ ቆርኪ ቢያስወጣው ማን ይከለክለው ነበር? «አንተ ነፍሰ ገዳይ፣ እጅህ ይቆረጥ» ብዬ ጻፍኩለት። በ«የጫኔ እህት» ስም ነው፣ በስሜ አይደለም። ግሩፑ በሙሉ አጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ፣ ምን ይዋሻል።

ጥር 27፣ ሰኞ

ጋሽ ወርቁ ለምሳ ሲወጡ ሠራሁት።

ጫኔ መልክ የለውም፣ ስለዚህ የይሻውን ፎቶ ከቻናላቸው ወሰድኩ። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ የተነሳውን። የእኔው ንድፍ ውስጥ አስገባሁት። ጥቁር ጠርዝ፣ ሻማ፣ መስቀል፣ «ወንድማችን ጫኔ፣ ነፍስ ይማር»። የሱቁን ስልክ ማጥፋት ረሳሁ፣ ወይም... ልማድ ነው። ከእሱ በፊት የሠራሁት ሁሉ የእውነት ሙት ነበር። ከሁሉም ይሄኛው አማረልኝ።

ለቀቅሁት። ሰው ፕሮፋይሉን እየቀየረበት ነው።

ጥር 29፣ ረቡዕ

ፎቶው ፌስቡክም ደርሷል። የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ «ነፍስ ይማር» ይላሉ። ጫኔን ሰምተው የማያውቁ! ዝም ብዬ ማየት ነው። በእጄ የሠራሁት ነገር እንዲህ ሲዞር የመጀመሪያዬ ነው።

አንዱ፣ ፎቶ የሌለው፣ ከሥሩ «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አዲስ አድማጭ መጣ ብዬ እኔም ጨዋታውን ቀጠልኩ። «ወንዝ ወሰደው። ገመዱን ቆርጦ ሌሎቹን አዳናቸው» አልኩት። «አንቺ ማነሽ?» አለ። «እህቱ ነኝ»።

ከዚያ በኋላ ምንም አልጻፈም።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

እንዴት ተብሎ ይጻፋል...

ጠዋት አንድ ወጣት ገባ። ነጠላውን አዘቅዝቋል። ስልኩን ዘረጋልኝ፣ የእኔ ፎቶ ነው።

«ይህን የሠራችሁት እናንተ ናችሁ? ስልካችሁ ከሥሩ አለ።»

አዎ አልኩ። ፈገግ ብዬ! የጫኔ ወዳጅ ሊያመሰግነኝ የመጣ መስሎኝ። ያቺን ፈገግታ ከፊቴ ላይ ቆርጬ መጣል ብችል።

«በትልቁ አድርጊልኝ። ነገ ሠልስቱ ነው። ጫኔ የሚለውን አጥፊና ይሻው በይልኝ። ጫኔ እዚህ ከተማ ያወጡለት ስም ይሆናል፣ እኛ ጋ ይሻው ነው።»

ንብረት ይባላል። የይሻው የአጎት ልጅ ነው፣ ከአንበሳሜ። ሳልጠይቀው ነገረኝ፣ ሐዘንተኛ እንዲህ ነው። ይሻው ጋ ቢደውሉ ስልኩ ዝግ ነው። ዛሬ ቤቱ ሄዶ ነበር፣ ተቆልፏል፣ አከራይዋም ከሄደ ሰነበተ ብላዋለች። ሰዉ የርብን ወንዝ ዳር ዳሩን እየፈለገ ነው፣ ሬሳው ግን አልተገኘም። ዓርብ ሳይነጋ ሽማግሌዎች ሄደው እናቱን አረዷቸው።

«ወንዝ እንደወሰደው እንኳ የሰማነው ከፎቶው ሥር ነው» አለኝ። «አንዲት እህቱ ነኝ የምትል ናት የነገረችኝ። ይሻው እህት የለውም። እንግዲህ የክርስትና እህቱ ትሆናለች አልን።»

አፌን ከፈትኩ። እውነት ከፍቻለሁ። ጋሽ ወርቁ ከጓዳ ወጥተው «እግዜር ያጥናችሁ ልጄ» አሉት፣ ወደ እኔ ዞረው «ቶሎ ሥሪለት እንጂ፣ መኪና እንዳያመልጠው!» ሰው ተሰልፏል። አልሞተም ብል እንዴት አወቅሽ ይለኛል። እህቱ ነኝ ያልኩህ እኔ ነኝ ልበል? ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቆመ ሰው፣ ጨዋታ ነው ልበል?

ተቀመጥኩ። «ጫኔ» የሚለውን አጠፋሁ። «ይሻው» ብዬ ጻፍኩ። የአባቱን ስም ጠየቅሁት። ጠየቅሁት! አለሙ አለኝ። ይሻው አለሙ፣ ነፍስ ይማር። በቁሙ ያለ ሰው። ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይዞ ወጣ። «እግዜር ይስጥሽ እህቴ» ብሎኝ።

ትንሽ ቆይቼ ሮጥኩ። መናኸሪያ ስደርስ መኪናው ወጥቷል።

ለስማቸው ደወልኩ። ቁጥሩ ቻናሉ ላይ አለ። እስኪያነሳው ድረስ እኔም... ምናልባት የእውነት ሞቶ ቢሆንስ አልኩ። «ይሻው? ወንዛዬ ነው፣ ፍል ውሃ» አለኝ። «ጉልበቱን ያመዋል። ስልኩን ያጠፋው ከአድማጮች መልእክት ሸሽቶ ነው። ለምን ሞትክ እያሉ መውጫ መግቢያ አሳጡት። ምነው?»

ነገርኩት። ከዚያ «አሁኑኑ ሄጄ አመጣዋለሁ። ነገ ሐሙሲት እንገናኝ» አለ። «አንቺስ ማነሽ?»

ፎቶ ቤት የምሠራ ነኝ አልኩት።

የካቲት 4፣ ሰኞ

ትናንት አንበሳሜ ነበርኩ። ዛሬ ሱቅ አልሄድኩም፣ አሞኛል አልኩ።

ሐሙሲት መናኸሪያ ስደርስ ስማቸውና ይሻው ቆመዋል። ይሻው ቀጭን ነው፣ ያነክሳል። ድምፁ የጫኔ ድምፅ አይደለም፣ የማንም ልጅ ድምፅ ነው። ለካ ያ ሁሉ ግርማ እየተጫወተ ኖሯል። ሰላም እንኳ ሳይለኝ «እማዬ ፀጉሯን ተላጭታለች?» አለ። አላውቅም አልኩ። «ትላጫለች» አለ ለራሱ። «ለአባዬ ጊዜም ተላጭታለች።»

ሚኒባሱ ውስጥ ስማቸው ለማሳሳቅ ሞከረ መሰለኝ። «አንዲት የጫኔ እህት የምትባል አለች፣ እጅህ ይቆረጥ አለችኝ። አሁን ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ስማቸው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አየው። ይሻው እስክንደርስ ድረስ በመስኮት ወደ ውጭ ነበር የሚያየው።

መጀመሪያ ንስሐ አባታቸው አባ ታደሰ ቤት ገባን። አባ ይሻውን ሲያዩ አማተቡ፣ በመስቀላቸው ዳበሱት፣ ከዚያ ተቀመጡና ራሳቸውን ያዙ።

«ስንት መርዶ ተናግሬአለሁ» አሉ። «ይሄ ግን በምን አፍ ይነገራል? ድንገት ብታየው ልቧ ቀጥ ይላል። አንተ እዚሁ ቆይ። መጀመሪያ እኔ ልግባ። አንቺም ነይ።»

«እኔ ለምን?» አልኩ። ማፈሬ ነው፣ ጥያቄ አልነበረም።

«ያመጣሽውን ራስሽ አንሺው እንጂ» አሉኝ። ሳይቆጡ።

ዳሱ ሙሉ ነው። መሐል ላይ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ያ ፎቶ ተደግፏል። በትልቁ ሲታይ ሻማዎቹ የበሩ ይመስላሉ። ለዚያ ነበር የተጨነቅሁት፣ የበራ እንዲመስል። ሥሩ እናቱ፣ ወይዘሮ አሰፋሽ። ራሳቸው ተላጭቷል፣ ጉንጫቸው ተነጭቶ ደርቋል። ድምፃቸው ስለጠፋ ከንፈራቸው ብቻ ነው የሚያለቅሰው።

አባ አስለቃሿን በእጃቸው ዝም አሰኟት። «አሰፋሽ፣ ልጅሽ አልሞተም» አሏቸው። እንዲሁ፣ ያለ ዙሪያ ጥምጥም።

«አባ፣ እርስዎም ያባብሉኛል?» ድምፃቸው እንደ ንፋስ ነው። «በበጋ ርብ ሰው እንደማይወስድ አጥቼው ነው? ውሃው እኮ ቁርጭምጭሚት አያልፍም። ስጠራጠር ነበር። ግን ፎቶውን አመጡልኝ። ሻማ በርቶለት... ሻማ የበራለት ሰው ደግሞ በሕይወት አለ ይባላል?»

ይሻው አልጠበቀም። እያነከሰ ገባ።

አዩት። ፎቶውን አዩ። መልሰው አዩት። ተነስተው ሄደው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ አንገቱ ሥር አሸተቱት፣ ከዚያ ጥፊ አቀመሱት። የመቱትን ጉንጭ መልሰው ሳሙት። ከፊት ያሉት እልል ሲሉ ከኋላ ያሉት ገና ያለቅሳሉ፣ ምን እንደሆነ አልደረሳቸውም። ንፍሮ የያዘ አንድ ሽማግሌ «እንዴ! ለቆመ ሰው ነው እንዴ ይሄን ሁሉ የበላሁት?» አሉ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ አልሳቅሁም። አባ ታደሰ አዩኝ። ወደ ፊት ሄድኩ።

«ፎቶውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «እህቱ ነኝ ያልኩትም።»

ሳቁ ቆመ። ወይዘሮ አሰፋሽ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው የተላጨ ራሳቸውን ሸፈኑ። ከእኔ ነው የሸፈኑት። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፣ ቢሰድቡኝ ምንኛ ጥሩ ነበር።

«ምን አድርጌሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ወሬው ግሩፑ ጋ ደርሷል። ይፈርዱብኛል፣ ይሰድቡኛል ብዬ ስፈራ... ጭራሽ ደስ ብሏቸዋል። «ጫኔ ተነሳ!» እልልታው ሌላ ነው። አንዱ «ከሞት የተመለሰው በቅሎ ነጂ፣ ምዕራፍ ሁለት» ብሎ ፖስተር ሠራ። ስማቸውን ቀጥል እያሉ ያዋክቡታል። ይሻው እንደገና ስልኩን አጥፍቷል።

ከሰዓት በኋላ ሙላቴ ቪዲዮ ለቀቀ። ከለቀስተኛው አንዱ በስልኩ የቀረጸው ነው። ወይዘሮ አሰፋሽ ናቸው፣ ዓርብ ዕለት፣ ደረታቸውን እየመቱ። ከሥሩ «ከሁሉም ተዋንያን የሚበልጡት» ብሎ የሚስቅ ፊት አድርጎበታል። ሰዉ ሁሉ ይስቃል።

አጠፋሁት። ሌላው መልሶ ለቀቀው። እሱንም አጠፋሁ። «አድሚን ምነው? ራስሽ አይደለሽ እንዴ የጀመርሽው?» አለኝ ሙላቴ። ምን ልመልስለት? ልክ ነው እኮ።

ግሩፑን ልዘጋው ነው ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ጥሩወርቅ በውስጥ መጣች። የጻፈችውን እንዲህ ነው የማስታውሰው፦ «እናቴ ስትሞት ማዳም አልለቀቀችኝም። ዕቃ እያጠብኩ ነው የሰማሁት፣ ማጠቤንም አላቆምኩም። ለጫኔ ነው ያለቀስኩት ብዬሽ ነበር። ለእሷ ነው። ሌላ ማልቀሻ የለኝም። እባክሽ አትዝጊው።»

ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ ሙላቴንና ቪዲዮውን የለቀቁትን አስወጣሁ፣ የተረፈውን ለጥሩወርቅ አስረከብኩ። እኔ ወጣሁ። «የጫኔ እህት» የሚለውንም ስም አጠፋሁት።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ከተማው ሰምቷል። ገበያ ላይ አንዱ ጎረምሳ «ነፍስ ይማር!» ብሎ ጠራኝ። ስሜ ሆኖ ቀረ እንግዲህ።

ጋሽ ወርቁ አላባረሩኝም። «የሐዘን ፎቶ ግን አትነኪም» አሉኝ። ጠልተውኝ አይደለም፣ ደንበኛው ፈርቷል። ዛሬ አንድ ሰው የአጎቱን ፎቶ ይዞ መጥቶ ለጋሽ ወርቁ ምሎ ነገራቸው፦ «ይሄኛው የምር ሞቷል፣ ራሴ ነኝ የቀበርኩት!» ጋሽ ወርቁ ሳቃቸውን ዋጡ፣ እኔ ጓዳ ገባሁ።

ሳስበው ፎቶውን መሥራቴ አይደለም የሚያቃጥለኝ። ሳላውቅ ነው የሠራሁት። ቅዳሜ ግን አውቄ ነበር። ንብረት ፊቴ ቆሞ፣ ሁሉን አውቄ፣ የአባቱን ስም ጠየቅሁት... አንዲት ቃል ብናገር እናቱ ያችን አንድ ሌሊት ሳያለቅሱ ባደሩ ነበር። ስለፈራሁ? ስለተሰለፈው ሰው? ለሰልፍ!

ይህን ለማንም አልነገርኩም። ለእሳቸው ግን ሳልነግር አይሆንም።

የካቲት 24፣ እሑድ

ቅበላ ነው። ነገ ጾም ይገባል፣ ሰው ሁሉ እየተፈላለገ ይታረቃል።

አንበሳሜ ሄድኩ። አባ ታደሰ አብረውኝ ናቸው። ከደጃፋቸው ስንደርስ ድንጋይ አንስቼ ጫንቃዬ ላይ አደረግኩ፣ ተንበረከክኩ። እንዲህ ይደረጋል ሲሉ እሰማ ነበር እንጂ አድርጌው አላውቅም። ድንጋይ ይከብዳል። የሚከብደው ግን ድንጋዩ አልነበረም። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ያያል።

ወጡ። ሻሽ አስረዋል።

ተናገርኩ። ንብረት ሲመጣ አውቄ ነበር አልኳቸው። አልሞተም ማለት እየቻልኩ ስሙን በእጄ ጻፍኩ አልኳቸው። አባ ታደሰ እንኳ ይህን አያውቁም ነበር፣ ቀና ብለው አዩኝ።

ወይዘሮ አሰፋሽ ከደጃፉ ወረዱ። ከዚያ መጥተው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ከጫንቃዬ አወረዱት። አለቀ ብዬ ነበር...

«ድንጋዩን ያወረድኩት ከባድ ስለሆነ ነው» አሉኝ። «ይቅርታው ገና ነው። ፀጉሬ ሲያድግ ይቅር እልሻለሁ።»

«ኧረ አሰፋሽ!» አሉ አባ። «ነገ ጾም ነው። ለይቅርታ ደግሞ ቀጠሮ አለው እንዴ?»

«ለእኔ አለው አባ። በመስተዋት ሳየው ነው ሁሉም የሚመጣብኝ። አሁን ይቅር ብዬሻለሁ ብላት ውሸት ነው፣ ውሸት ደግሞ ከእሷ ይበቃናል።»

እኔ መሬቱን ሳምኩ። ስወጣ ይሻው በር ላይ ቆሞ ነበር። «እማዬ ቃሏን አታጥፍም» አለኝ። ማስፈራሪያ ይሁን ማጽናኛ አልገባኝም።

መጋቢት 12

ፀጉር በወር ምን ያህል ያድጋል? ጋሽ ወርቁን ልጠይቃቸው ብዬ መላጣ መሆናቸው ትዝ አለኝ።

መጋቢት 19

እኔም ፀጉሬን ልላጭ አሰብኩ። መቀስ ሁሉ አንስቼ ነበር። ከዚያ... ይሄም ጨዋታ ነው፣ ተላጭቼ ሰው እንዲያይልኝ ነው። መቀሱን መለስኩት። እንደ ሰው ጠብቂ፣ መሰረት።

ሚያዝያ 10

ስማቸው ፎቶ ኮፒ ሊያስደርግ መጣ። አዲስ ታሪክ እየጻፈ ነው። ይሻው ይጫወታል ወይ ብዬ ስጠይቀው «እናቱን ይጠይቅ» አለኝ። ሲወጣ እጁን አወዛወዘልኝ፣ «እንዳለ ነው፣ አልተቆረጠም።» ሳቅሁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አፈርኩ።

ሚያዝያ 21

ፋሲካ አለፈ። ከአንበሳሜ ምንም የለም። ብሄድ ቸኮለች ይላሉ፣ ብቀር ረሳች ይላሉ።

ግንቦት 3፣ ቅዳሜ

ገበያ ቀን። ሱቁ ሙሉ ነበር። ቀና ስል በር ላይ ወይዘሮ አሰፋሽ ቆመዋል። ብቻቸውን። ብብታቸው ሥር የተጠቀለለ ባነር ይዘዋል። ባነሩን ሳላየው አወቅሁት።

ጋሽ ወርቁ ሮጠው ወንበር አቀረቡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

«የልጄ ፊት ነው» አሉ ባነሩን ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጡ። «እንዳልጥለው ፊቱ ነው። እንዳልሰቅለው ሻማ አለበት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አቁሜው ከረምኩ። ሻማውን አንሺልኝ።»

«ጋሽ ወርቁ ይሥሩልዎት» አልኩ። «እኔ የሐዘን ፎቶ አልነካም።»

«የምን ሐዘን? ልጄ እኮ በሕይወት አለ! አንቺ ያመጣሽውን አንቺ አንሺ።»

ተቀመጥኩ። ከጎኔ ሆነው ያያሉ። ጥቁሩን ጠርዝ አነሳሁ። «ነፍስ ይማር» የሚለውን አጠፋሁ። መስቀሉን ላነሳ ስል «እሱን ተይው፣ ይጠብቀዋል» አሉ። የቀኙን ሻማ አነሳሁ። የግራውን ሳነሳ ከሥሩ የይሻው እጅ ወጣ፣ ጣሳ ይዟል። ረስቼው ነበር። ፎቶው ላይ ይስቃል፣ ቆርኪ ሊያወጣ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው የያዘው?»

አስረዳኋቸው። ጣሳውን፣ ቆርኪውን፣ አንድ ሲወጣ ምን እንደሚሆን። በጥሞና ሰሙ።

«እና ያ ጫኔ የምትሉት ሰው» አሉ፣ «እናት ነበረችው?»

አሰብኩ። ያን ሁሉ ክፍል ሰምተናል፣ ያን ሁሉ አልቅሰናል፣ ከእኛ መሐል ይህን የጠየቀ የለም።

«አልተነገረም» አልኩ።

«ምስኪን» አሉ። «እንግዲህ ያ ሁሉ ያለቀስኩት ለእሱ ይሁንለት። ለእኔ ልጅ አያስፈልገውም።»

ማተሚያው ሲንቋቋ ሁለታችንም ፊቱ ቀስ በቀስ ሲወጣ አየን። በእጃቸው ሲይዙት ቀለሙ ገና ትኩስ ነበር። ከዚያ ዞረው ሻሻቸውን ፈቱ። ሰው መሐል፣ ጋሽ ወርቁ ፊት።

ፀጉራቸው ወጥቷል። አጭር ነው፣ ጥቅልል ብሏል፣ ከፊት ለፊት ሽበት አለበት።

«ንኪው» አሉኝ።

«እጄ ቀለም ነክቶታል።»

«ንኪው እንጂ!»

ነካሁት። ሻሻቸውን መልሰው አሰሩ፣ ፎቶውን ጠቀለሉ፣ «ለሰኔ ሚካኤል ነይ፣ ቤት» ብለው ወጡ።

ይህን የምጽፈው እጄን ሳልታጠብ ነው።